ቁልቁል መሮጥ ያቃተኝ ዓመት

አሰላ ተመድቤ ስመጣ ራሴን እንደ ሯጭ ነበር የምቆጥረው። ባሕር ዳር ሐይቁን ተከትዬ በየጠዋቱ ስሮጥ ኖሬአለሁ። መንገዱ እንደ ጠረጴዛ የተዘረጋ ነው፤ ሰውነቴም የሚያውቀው እሱን ብቻ ነበር። አሰላ በገባሁ በሁለተኛው ሳምንት ቱታዬን ለብሼ ወደ ጭላሎ ተራራ የሚያወጣውን የጠጠር መንገድ ያዝኩ። ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ አልሄድኩም። እጄን ጉልበቴ ላይ አድርጌ አየር ስፈልግ፣ የረፈደባቸው ሴት ተማሪዎች ደብተራቸውን ደረታቸው ላይ አቅፈው በሩጫ አለፉኝ። አንዷ ዞር ብላ «አይዞዎት እትዬ!» አለችኝ። ሃያ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ከዳገቱ ይልቅ «እትዬ» ያለችኝ ነገር ቀኑን ሙሉ ሲያንገበግበኝ ዋለ።

ነርስ ነኝ፤ የምሠራው ተመላላሽ ሕክምና ክፍል ነው። በዚህ አገር ስለ ሩጫ ማውራት የጀመረ ሰው ምክር አያጣም። በቆጂ ቅርብ ነው፤ የሚሮጥ ወይም ይሮጥ የነበረ ዘመድ የሌለው ሰው አላጋጠመኝም። የአምቡላንስ ሹፌሩ «ዳገት ላይ ጎንበስ በይ፣ ወደፊት ይስብሻል» አለኝ። ጎንበስ አልኩ፤ ወገቤ ተያዘ፣ ትንፋሼም ሆዴ ውስጥ ታፈነ። የካርድ ክፍሉ ሠራተኛ «በጣትሽ ብቻ ርገጪ» አለኝ። ረገጥኩ፤ ባቴ ድንጋይ ሆነ። ስልኬ ላይ ያየሁት ሰውዬ ደግሞ እርምጃ አስረዝሙ ይላል። አስረዘምኩ፤ መቶ ሜትር ሳልሞላ ደረቴ ሊፈነዳ ደረሰ። ሁሉም በሙሉ ልብ ይናገራል፣ ሁሉም ይለያያል፣ እኔም ሁሉንም ሞክሬ በየቀኑ እዚያው ቦታ ላይ እቆማለሁ። ከመንገዱ ዳር አንዲት የታጠፈች ባሕር ዛፍ ነበረች። ከሷ ማለፍ ሳልችል ሁለት ወር ሞላኝ።

ይህ ሁሉ ሳያንሰኝ ራሴን ሌላ ጣጣ ውስጥ ከተትኩ። የከተማው መሥሪያ ቤቶች በየዓመቱ የሠራተኞች ሩጫ ያደርጋሉ። ከከተማው ዳር ይነሳሉ፣ ያንኑ የጠጠር መንገድ ሽቅብ ይወጣሉ፣ ላይ ደርሰው ይዞሩና በመጡበት ይወርዳሉ። በሴቶች በኩል እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት ሦስት ሰው ያሰልፋል፤ የሦስቱ ሰዓት ይደመራል። አንዷ ካልገባች ቡድን የሚባል የለም። የኛ መሥሪያ ቤት ሴቶች አሰልፎ አያውቅም ሲሉኝ ስብሰባ ላይ እጄን አውጥቼ «ዘንድሮ ያሰልፋል» አልኩ። ለምን እንዳልኩ እስካሁን አላውቅም። ምናልባት ያችን ባሕር ዛፍ በሌላ መንገድ ማለፍ ስላቃተኝ ይሆናል።

የመጀመሪያዋ ፋርማሲ የምትሠራው ጓደኛዬ ናት። አሰላ ተወልዳ ያደገች፣ አባቷ ገበያው ውስጥ ጨርቃ ጨርቅ የሚነግዱ ልጅ ናት። ሰፊ ሱሪ ላይ ረጅም ቀሚስ ትደርባለች፣ ሻርፗን አጥብቃ ታስራለች፣ ከዚያ ሽቅብ እየሮጠች ወሬዋን አታቋርጥም። በአማርኛ የጀመረችውን በኦሮምኛ ትጨርሰዋለች፤ እኔ ለመመለስ ትንፋሽ የለኝም። ሁለተኛዋ የላቦራቶሪ ባለሙያ ናት። ከወላይታ ተመድባ የመጣች፣ የሁለት ልጆች እናት፣ አርባን ልትደፍን የተቃረበች። ስጠይቃት ሳቀች።

«እኔ? ለባጃጅ እንኳ ሮጬ አላውቅም።»

«ሦስተኛ ሰው የለንም» አልኳት።

«እንግዲያው ጥፋቱ ያንቺ ነው» አለችና ተስማማች።

በኋላ አሠልጣኛችን የሆኑትን ሽማግሌ ያገኘኋቸው በዚያው ሰሞን ነው። ስድሳን ያለፉ የእህል ነጋዴ ናቸው፤ ጉልበታቸውን ለመታየት ምርኩዝ ይዘው መጡ። ሱሪያቸውን ሰብስበው ሲቀመጡ ሁለቱም ጉልበታቸው አብጧል።

«ምን ሆነው ነው ጋሼ?»

«ቁልቁለት።»

«ወድቀው?»

«ሮጬ። በወጣትነቴ በቆጂ ነበርኩ፣ እሮጥ ነበር።»

ሳቅ አመለጠኝ። «እኔን የሚገለኝ ዳገቱ ነው» አልኳቸው።

ሽማግሌው አልሳቁም። «ዳገት የሚወስድብሽ ትንፋሽ ነው፣ ላይ ስትደርሺ ይመልስልሻል። ቁልቁለት የወሰደውን አይመልስም» አሉኝ። ሐኪሙ ሳይጠራቸው በፊት ስለ ሩጫው ነገርኳቸው፤ እንዲያሠለጥኑንም ለመንኳቸው። መድኃኒታቸውን ከፋርማሲ ተቀብለው ሲወጡ ክፍሌ በር ላይ ቆሙና «ማክሰኞና ቅዳሜ፣ ጎህ ሲቀድ፣ እኔ ከሱብሒ ሶላት ስወጣ። ያረፈደች አትምጣ» ብለው ሄዱ።

በመጀመሪያው ማክሰኞ በባጃጅ መጥተው መንገዱ መታጠፊያ ላይ ካለው ትልቅ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ጉሙ ገና አልገፈፈም፤ ከግራና ከቀኝ ያለው የስንዴ ማሳ አይታይም። ሩጡ ይሉናል ብዬ ስጠብቅ «በእግራችሁ ውጡ» አሉን። ወጣን። «ውረዱ።» ወረድን። «እንደገና።» ለሦስት ሳምንት ይህንን ብቻ አደረግን። እኔ በንዴት ጥርሴን እየነከስኩ፣ ጓደኛዬ ወሬዋን እያወራች፣ የላቦራቶሪዋ ሴት ዝም ብላ። በአራተኛው ሳምንት ሩጡ አሉ፤ እኔም ሳጠራቅም የኖርኩትን ጉልበት በሙሉ አውጥቼ ተወረወርኩ። ባሕር ዛፏ ጋ ቆምኩ።

«ሲስተር፣ ነይ ወዲህ» አሉኝ። «ደረጃ ስትወጪ ሁለት ሁለቱን ትዘያለሽ?»

«አልዘልም።»

«ታዲያ እዚህ ለምን ትዘያለሽ? እርምጃሽን አሳጥሪ። በሜዳ ፍጥነት ዳገት ልውጣ አትበይ፤ ትንፋሽሽ በሜዳው ልክ ይሁን፣ ፍጥነቱን ዳገቱ ይወስን። ከወገብሽ አትታጠፊ፣ ሳንባሽን ትዘጊዋለሽ። ከቁርጭምጭሚትሽ ጀምረሽ እንደ ቆመ አጣና ትንሽ ዘንበል በይ። ክርንሽን ወደ ኋላ ግፊው፤ እጅሽ ከሠራ እግርሽ ይከተላል። ደግሞ ጫፉን ምን ያሳይሻል? ዐሥር እርምጃ ፊትሽን እዪ፣ ይበቃሻል።»

«ሱታ፣ ሱታ» እያሉ፣ ቀስ በይ ማለታቸው ነው፣ እንደገና ሰደዱኝ። ትንንሽ እርምጃ ያሳፍራል። ከአጠገቤ አህያ የሚነዱ ሴትዮ እኩል ሲሄዱ ይሰማኛል። ግን በዚያ ቀን የታጠፈችዋን ባሕር ዛፍ አለፍኳት፤ ማለፌንም ያወቅኩት ካለፍኳት በኋላ ነው። ወርጄ ስነግራቸው «እህ» አሉ። እኚህ ሰው በዚያ ሁሉ ጊዜ ጎሽ የሚል ቃል ከአፋቸው ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም።

ዳገቱ በሁለት ወር ውስጥ ተስተካከለ። ቁልቁለቱ ግን እምቢ አለኝ።

ቁልቁል ሲያስሮጡን ሽማግሌው አያዩንም። ድንጋያቸው ላይ ፊታቸውን ወደ ከተማው አዙረው ይቀመጡና ከጀርባቸው ስንመጣ በጆሯቸው ብቻ ይሰሙናል። መጀመሪያ የቀለዱ መስሎኝ ነበር። አንድ ቅዳሜ ሦስታችንም ተራርቀን ወርደን ስንደርስ በምርኩዛቸው መሬቱን እያንኳኩ እንዲህ አሉ፦

«የመጀመሪያዋ ፋርማሲዋ ናት። ቶሎ ቶሎ፣ ቀለል አድርጋ ትረግጣለች። ሦስተኛዋ ላቦራቶሪዋ፤ ቀስ ትላለች ግን ድምፅ የላትም። መሃል ላይ ጧ! ጧ! የምትይው አንቺ ነሽ። መሬቱ ምን አድርጎሽ ነው የምትመቺው?»

ሴቶቹ ሳቁ። እኔ ፊቴ ጋለ።

«ፈርቼ ነው» አልኩ።

«አውቃለሁ። ስትፈሪ ወደ ኋላ ትንጋለያለሽ፣ እግርሽን ከፊትሽ ወርውረሽ በተረከዝሽ ፍሬን ትይዣለሽ። እያንዳንዱ ፍሬን ጉልበትሽ ውስጥ ነው የሚያርፈው። እግርሽ ከሥርሽ ይረፍ፣ ከፊትሽ አይደለም። ጉልበትሽ ትንሽ ታጠፍ ይበል፣ አታድርቂው። እርምጃሽን አሳጥረሽ አብዢው። እጅሽን ከጎንሽ ትንሽ ከፈት አድርጊ፣ ሚዛን ይሰጥሻል። ሰውነትሽ ከቁልቁለቱ ጋር ይሂድ እንጂ አትሽሺው።»

ቃሉ ሁሉ ገብቶኛል። ለሌላ ሰው ማስረዳት እችላለሁ። ግን መንገዱ ከፊቴ ሲዘቀዘቅ ትከሻዬ ራሱ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ እኔ አልወስደውም። ላቦራቶሪዋ፣ ያቺ ለባጃጅ እንኳ ሮጣ የማታውቅ ሴት፣ በየሳምንቱ ሲሻሻልላት አያለሁ፤ ደስ ሊለኝ ሲገባ ቅናት ይዞኛል። ሽማግሌውም መንገዱን በሙሉ ቁልቁል እንድሮጥ አልፈቀዱልኝም። ሌሎቹን ይለቋቸዋል፣ እኔን ግማሹን በእግር ያስወርዱኛል።

«ሩጫው አንድ ወር ቀረው ጋሼ!» አልኳቸው አንድ ቀን፣ ድምፄ ከፍ ብሎ።

«ወሩን እኔ አላሳጠርኩት» አሉኝ።

በማግስቱ ጠዋት ማንም ሳያየኝ በባጃጅ ከከተማው ወጣሁና የአዳማን አስፋልት ይዤ ወደ ቁሉምሳ ቁልቁል ለቀቅሁት። እግሬን ዘረጋሁ። ነፋሱ ጆሮዬ ውስጥ ያፏጫል፣ የገብሱ ማሳ በጎኔ ይሮጣል፣ አይሱዙ አልፎኝ ሹፌሩ ጥሩምባ ነፋልኝ። አሰላ ከመጣሁ እንደዚያ ቀን ፈጥኜ አላውቅም። «እኚህ ሽማግሌ ምን ያውቃሉ» እያልኩ ነበር የምወርደው።

በሁለተኛው ቀን ከአልጋዬ ስነሳ ጭኔ አልታዘዝ አለኝ። የሆስፒታሉን ደረጃ መውጣቱን ወጣሁት፤ ለመውረድ ግን ብረቱን በሁለት እጄ ይዤ፣ ፊቴን ወደ ደረጃው አዙሬ፣ እንደ ሕፃን ወደ ኋላ ነው የወረድኩት። ጓደኛዬ ከታች ካርቶን ተሸክማ አየችኝ።

«ምን ሆነሽ ነው?»

«ትናንት ዕቃ ሳነሳ ነው» አልኳት።

ለሽማግሌውም አመመኝ ብዬ ሁለት ልምምድ ቀረሁ። የጭን ሕመሙ ሲለቀኝ ግን እንደገና አስፋልቱ ላይ ወጣሁ። ሁለት ሦስቴ። ፈጥኛለሁ፤ ያ ይበቃኝ ነበር።

የሩጫው ቀን ሰማዩ ጥርት ብሎ ዋለ። ጭላሎ ያለ ደመና እንደዚያ ሲታይ ብርቅ ነው። የየመሥሪያ ቤቱ ሰው በየቀለሙ ቲሸርት ለብሶ መንገዱን ሞልቷል፣ የድምፅ ማጉያው ይጮሃል። ሽማግሌው እንደልማዳቸው መታጠፊያው ላይ ተቀምጠዋል።

ሽቅቡ እንደተማርኩት ሄደልኝ። እርምጃዬ አጭር፣ ክርኔ ወደ ኋላ፣ ዓይኔ ዐሥር እርምጃ ፊት። መጀመሪያ ላይ በጩኸት ያለፉኝ ሴቶች አንድ በአንድ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ሳገኛቸው እያለፍኳቸው ሄድኩ። ጓደኛዬ ከሁሉም ቀድማ ዞራ ወደ ታች ስትበር ተገናኘን፤ እጇን መታ አድርጋኝ አለፈች። ላይ ደርሼ ስዞር ከፊቴ የምትታየኝ አንዲት ብቻ ነበረች፣ ቢጫ ቲሸርት የለበሰች መምህርት። ከሷ ፊት ጓደኛዬ። ሦስተኛ ነኝ ማለት ነው። ይህን ባላውቅ ይሻለኝ ነበር።

ቢጫውን ጀርባ ዓይኔ ውስጥ ከተትኩትና እግሬን እንደ አስፋልቱ ዘረጋሁት። ይህ ግን አስፋልት አልነበረም። ጠጠሩ ከሥሬ ይንከባለል ጀመር። ፍጥነቱ ከኔ ቁጥጥር ሲወጣ ተሰማኝና ያ የድሮው ፍርሃት መጣ፤ ተንጋለልኩ፣ ተረከዜን ሰካሁ። ተረከዜ አልያዘም። ቀኝ እግሬ ተጣጥፎ ከሥሬ ሲሄድ አየሁት፤ ከዚያ ጠጠሩ መዳፌንና ጉልበቴን ፈቅፍቆኝ ቆምኩ፣ ማለቴ ተኛሁ።

ያለፍኳቸው ሴቶች ሁሉ መልሰው አለፉኝ። ተነስቼ ስረግጥ ቁርጭምጭሚቴ አቃጠለኝ። ነርስ ነኝና ስብራት እንዳልሆነ አውቄዋለሁ፤ እንደማያስሮጠኝም አውቄዋለሁ። መንገዱ ዳር ተቀምጬ ሳለቅስ ላቦራቶሪዋ ሴት በዚያች ድምፅ አልባ እርምጃዋ እየወረደች መጣች። ቆመች።

«ሂጂ!» ጮህኩባት። «ሰዓትሽን አታባክኚ!»

«ያላንቺ የኔ ሰዓት ምን ያደርጋል? ሦስታችን ካልገባን አይቆጠርም እኮ» አለችኝ። «ያስገባሽን አንቺ ነሽ፣ ተነሺ።»

ክንዴን በትከሻዋ ላይ አዙራ ያዘችኝ። በጣም ተናድጄባት ነበር። ደግ ሆና ስለቆመች፣ እውነቷን ስለተናገረች፣ ላብ ላብ ስለሸተተች፣ በሁሉም ነገር። እያነከስኩ ስንገባ ተመልካቹ ግማሹ ተበትኗል፤ አንዱ ዳኛ ሰዓቱን ለመጻፍ እስክሪብቶ ሲፈልግ ቆምን። ከቡድኖቹ ሁሉ መጨረሻ ወጣን። ሽልማቱ ለቡድን ብቻ ስለነበር አንደኛ የገባችው ጓደኛዬ ጭብጨባ ብቻ አግኝታ ቀረች። ልታየኝ አልመጣችም።

ከሳምንት በኋላ እግሬን በፋሻ አስሬ ወደ ሽማግሌው የእህል መጋዘን ሄድኩ። ከስንዴ ከረጢቶቹ መካከል ተቀምጠው ነበር። እንዴት ነሽ ይሉኛል ብዬ ነበር።

«ስትወርጂ ዓይንሽ የት ነበር?» አሉኝ።

«ከፊቴ ያለችው ሴት ጀርባ ላይ።»

«መሬቱንስ ማን ያይልሽ ነበር?»

አስፋልት ላይ ብቻዬን ስሮጥ እንደነበርም ነገርኳቸው። ከዚያ የሱሪያቸውን እግር ሰብስበው ያበጠውን ጉልበታቸውን መታ መታ አደረጉ። «እኔም አስተማሪዬን ሸሽቼ ነው። ቁልቁለት ላይ የፈጠንሽው አንቺ አይደለሽም፣ ቁልቁለቱ ነው። ይህን ያወቅኩት ጊዜው ካለፈብኝ በኋላ ነው» አሉ። የተቆጡኝ ያህል አልነበረም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። እዚያው ከረጢት ላይ ተቀምጬ በንዴት አለቀስኩ።

ጓደኛዬ ለዐሥር ቀን ከመድኃኒት ማዘዣ ውጪ አላናገረችኝም። በመጨረሻ እኔ ነኝ ፋርማሲው መስኮት ላይ ቆሜ ይቅርታ ያልኳት።

«መውደቅሽ አይደለም ያናደደኝ» አለችኝ፣ መድኃኒቱን እየቆጠረች ቀና ሳትል። «ዕቃ ሳነሳ ነው አልሽኝ። የአጎቴ ልጅ አስፋልት ላይ ስትበሪ አይቶሽ ነግሮኝ ነበር። እስክትነግሪኝ ጠበቅኩሽ።»

«ለምን አልጠየቅሽኝም?»

«አንቺ ነሽ አለቃ የነበርሽው።»

እግሬ ሲድን ጓደኛዬም ይቅር ብላኝ ሦስታችን ወደ ሽማግሌው ተመለስን፤ እኔ ከመጀመሪያው ጀመርኩ። በእግር ሽቅብ፣ በእግር ቁልቁል። ከዚያ በጣም ለስላሳ በሆነችው ቁልቁለት ላይ መቶ እርምጃ፣ በሌላው ሳምንት ሁለት መቶ። ክረምቱ ገባ፣ ጭቃው ጫማዬን በላ፣ ክረምቱ ወጣ። ትከሻዬ ወደ ኋላ መሄዱን መቼ እንዳቆመ ልነግራችሁ አልችልም። አንድ ማክሰኞ ሽማግሌው ጀርባቸውን ሰጥተውን እንደተቀመጡ ማን ቀድማ እንደወረደች ለይተው ሳይናገሩ ቀሩ። «ተቀላቀላችሁብኝ» አሉ፣ ቅር ብሏቸው። እኔ ግን በደስታ ማታ እንቅልፍ አጣሁ። ለቀጣዩ ዓመት ሩጫ ሁለት ሳምንት ነበር የቀረው። በዚህ ጊዜ የመጨረሻ እንደማንሆን እርግጠኛ ነበርኩ።

ከሩጫው አራት ቀን በፊት ደብዳቤ መጣ። የጠጠሩ መንገድ ሊሠራ ስለተቆፈረ የዘንድሮው ውድድር ስታዲየም ውስጥ ይሆናል ይላል። ስታዲየም ውስጥ! ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ኮሚቴው ቢሮ ድረስ ሄጄ ሌላ መንገድ እንደማይጠፋ ተከራከርኩ። የሚያስተናግደው ሰውዬ «ሜዳ አይሻልም እንዴ እህቴ? ዳገት ያደክማል» አለኝ። ምን ብዬ ላስረዳው? ዓመት ሙሉ ቁልቁል መውረድ ስማር ነበር ብዬ ብነግረው ይሰማኛል?

ሮጥን። ሽማግሌው ጥላ ሥር ቆመው ሁለት ዙር ካዩ በኋላ «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው፣ እህል እንደሚያበራይ በሬ መዞር» ብለው ምርኩዛቸውን ይዘው ወጡ። ከቡድኖቹ አራተኛ ሆንን። ክፉም ደግም አይደለም። ማንም አልወደቀም፣ ማንም አላሸነፈም።

በማግስቱ እሑድ ሦስታችን ተደዋውለን ወደ ተቆፈረው መንገድ ሄድን። ዶዘሩ ቆሟል፣ ሠራተኞቹ የሉም። ከቁፋሮው ጎን ሰው የሚሄድበት ቀጭን መንገድ ተርፏል። በሱ ሽቅብ ወጣን፣ ላይ ተንፈስ አልንና ለቀቅነው። ጓደኛዬ ፊት፣ እኔ መሃል፣ ላቦራቶሪዋ ከኋላ። እግሬ ከሥሬ ያርፋል፣ ጉልበቴ ታጠፍ ይላል፣ እጄ ከጎኔ ተከፍቷል። አንዴ ጠጠር ሲንሸራተትብኝ እንኳ አልተንጋለልኩም፤ እርምጃዬን አብዝቼ አለፍኩት። እንደዚያ ቀን ወርጄ አላውቅም። ሰዓት የያዘ ሰው አልነበረም፣ ያየ ሰው አልነበረም።

ታች ስንደርስ ጓደኛዬ እያለከለከች «ዛሬ ጥሩ ወረድሽ» አለችኝ።

«ምኑን አየሽው? ፊት ነበርሽ እኮ።»

«እኔማ አላየሁም፤ ጧ ጧ ስትይ ግን አልሰማሁም» አለችና ወደ ኋላችን ጠቆመችኝ። «እሷን ጠይቂያት።»

ላቦራቶሪዋ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ከጫማዋ ጠጠር እያራገፈች ነበር። «እኔ እግሬን ነው የማየው» አለች። «ያንቺን ልይልሽ እንዴ?»